ፕሬዚዳንቱ የፈረመበትን በጀት መልሶ መያዝ ይችላል ወይ? የአሜሪካው ሙግት

አባ መዝገብ (ጥያቄ አቅራቢ)

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ቡና ስንጠጣ አንድ አባት ያነሡት ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶኛል። «ምክር ቤቱ ገንዘቡን ፈቀደ፤ ፕሬዚዳንቱም ፈረመበት፤ ታዲያ የፈረመበትን ገንዘብ አላወጣም የሚለው በየትኛው ሥልጣኑ ነው?» አሉ። እዚህ ሜሪላንድ በሒሳብ ሥራ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ሁሉም ዞር ብለው እኔን አዩኝ። መልሱን የማውቀው መስሎኝ ጀመርኩ፤ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ግን የመጀመሪያውን እያፈረስኩ መሆኔ ለራሴም ታወቀኝ። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ያነበብኩትን አቀርባለሁና የሳትኩትን አርሙኝ።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ አንድ ክፍል ዘጠኝ፣ በሕግ ከተፈቀደው ውጭ ከግምጃ ቤት አንዳች ገንዘብ እንዳይወጣ ይከለክላል። አንቀጽ ሁለት ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ሕጎች በታማኝነት መፈጸማቸውን እንዲጠብቅ ያዝዘዋል። እንግዲህ ያልተፈቀደ ገንዘብ ማውጣት ክልክል መሆኑ በግልጽ ተጽፏል፤ የተፈቀደውን አለማውጣት ግን በስሙ ተጠርቶ የተፈቀደበትም የተከለከለበትም ቦታ የለም። ዛሬ የምንሰማው ጭቅጭቅ የበቀለው ከዚህች ክፍተት ይመስለኛል።

ያልገባኝ ነገር ይህ ነው። ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1974 ይህንኑ ለመከልከል ብሎ ሕግ አውጥቷል፤ ሕጉም እስከ ዛሬ አልተሻረም። ሕጉ ካለ ታዲያ በ2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን ላይ ሳሉ ለውጭ እርዳታ የተፈቀደ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር እንዴት ሳይወጣ ቀረ? (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሌሎቻችሁም እንዲሁ ብታደርጉ ለአንባቢ ይቀላል።)

ሙግት ወዳድ

አባ መዝገብ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ፕሬዚዳንቱን ገና ከበሩ ተከሳሽ አድርገው አስገቡት። እኔ ለማንም ፓርቲ ጥብቅና አልቆምም፤ ሆኖም የተፈቀደን ገንዘብ ይዞ ማቆየት ትናንት የተፈለሰፈ ነገር አይደለም። ቶማስ ጄፈርሰን በ1803 ለኮንግረሱ ባቀረበው መልእክት፣ ለጦር ጀልባዎች የተፈቀደው 50 ሺሕ ዶላር እንዳልወጣ ራሱ በግልጽ ተናግሯል። ገንዘቡ የተፈቀደው በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ጠብ ይነሣል ተብሎ ነበር፤ ሉዊዚያና በግዢ እጅ ስትገባ ጠቡ በረደ፤ ገንዘቡም ተቀመጠ። ዩሊሲስ ግራንት በ1876 የወንዞችና የወደቦች ሥራ ሕግን ፈርሞ ሲያበቃ፣ ለግለሰብ ወይም ለአንድ መንደር ብቻ ለሚጠቅም ሥራ ገንዘብ እንደማያወጣ ለምክር ቤቱ ጽፏል። ትሩማንም በ1949 ኮንግረሱ ለአየር ኃይሉ የጨመረውን ገንዘብ ይዞ አስቀርቷል።

የኬኔዲን ደግሞ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1962 የተወካዮች ምክር ቤት የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ካርል ቪንሰን፣ አዲስ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እንዲሠራ ሚኒስትሩ «ታዝዟል» የሚል ቃል በረቂቁ ውስጥ አስገባ። ኬኔዲ ሽማግሌውን ዋይት ሐውስ ጠርቶ በአትክልቱ ስፍራ አብሮት ተንሸራሸረ። ከዚያ በኋላ «ታዝዟል» ወጥቶ በምትኩ «ተፈቅዷል» ገባ፤ አውሮፕላኑም ከሙከራ አላለፈም። የአንድ ቃል ልዩነት ይህን ያህል ያከራከረው ኮንግረሱ ራሱ «ተፈቅዷል» ማለት «የግድ ይውጣ» ማለት እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ነው።

ሌላም አለ። ለፕሬዚዳንቱ የሚላክለት የበጀት ሕግ ብዙ ጊዜ ገጹ ከሺሕ ያለፈ ጥራዝ ነው፤ ሁሉን ይፈርማል ወይም ሁሉን ይመልሳል። ከመካከሉ አንዱን መስመር ብቻ እንዲሰርዝ በ1996 የተሰጠውን ሥልጣን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 አፈረሰበት። ስለዚህ የጸደቀ በጀት ጣሪያ እንጂ ወለል አይደለም ቢል ምን ነውር አለው? ዘይት ግዛ ተብሎ መቶ ብር የተሰጠው ልጅ በሰማንያ ገዝቶ ሃያውን ቢመልስ ማን ይቆጣዋል?

ወለተ ሕግ

ወንድሜ ሙግት ወዳድ፣ በሰማንያ ገዝቶ ሃያውን የመለሰ ልጅ ይመረቃል እንጂ አይቆጡትም። ዘይት እንዲገዛ ተልኮ «እዚህ ቤት ዘይት ይበዛል» ብሎ ባዶውን ጠርሙስ ይዞ የተመለሰው ልጅ ግን ሌላ ነው። ሙግቱ ያለው በእነዚህ ሁለት ልጆች መካከል ነው። ቁጠባ ዱሮም አልተከለከለም፣ ዛሬም አልተከለከለም። መሥሪያ ቤቶች የዓመቱን ገንዘብ በአጋማሹ እንዳይጨርሱ የሚቆጣጠረው የቆየ ሕግ ራሱ፣ ሥራው በአነስተኛ ወጪ ከተሠራ ወይም ሁኔታው ከተለወጠ ትርፉ በመጠባበቂያ እንዲቀመጥ ይፈቅዳል። ጄፈርሰንም የሚመደበው ከመጀመሪያው ልጅ ጋር ነው፤ ያውም ጀልባዎቹን ቆይቶ አሠርቷቸዋል።

የሁለተኛውን ልጅ ጉዳይ ፍርድ ቤት ያየው ገና በ1838 ነው። የፖስታ ሚኒስትሩ አሞስ ኬንዳል፣ ፖስታ ያመላልሱ ለነበሩ ተቋራጮች ኮንግረሱ በልዩ ሕግ እንዲከፈላቸው ካዘዘው ገንዘብ አብዛኛውን ከፍሎ 39 ሺሕ ዶላር ገደማ ሲቀር እምቢ አለ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መልስ አጭር ነበር፦ ሕግ እንዲፈጸም የመጠበቅ ግዴታ፣ እንዳይፈጸም የመከልከል ሥልጣን ሊሆን አይችልም። በ1969 ደግሞ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሆነው ዊልያም ሬንኲስት፣ በኒክሰን የፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ሳለ በትምህርት ቤቶች ገንዘብ ላይ አስተያየት ተጠይቆ፣ ሕግ ይውጣ ያለውን ገንዘብ ፕሬዚዳንቱ በሕገ መንግሥት ሥልጣኑ ሊይዘው እንደማይችል ጽፏል። ይህን ያለው ወግ አጥባቂው፣ የፕሬዚዳንቱ የራሱ ሰው መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።

ኒክሰን ግን አልሰማውም። በኦክቶበር 1972 ኮንግረሱ ለከተሞች የፍሳሽ ማጣሪያ ግንባታ በሦስት ዓመት 18 ቢሊዮን ዶላር የሚፈቅደውን የንጹሕ ውኃ ሕግ አጸደቀ። ኒክሰን ኦክቶበር 17 ቀን ሻረው፤ በማግሥቱ ሴኔቱ 52 ለ12፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ 247 ለ23 ድምፅ ሰጥተው የእሱን ሽረት ሻሩት። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ነገሩ እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። እሱ ግን ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደብዳቤ ጽፎ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከሚከፋፈለው 11 ቢሊዮን ውስጥ ከ5 ቢሊዮን በላይ እንዳይከፋፈል አዘዘ። ይህ ቁጠባ የሚባል አይደለም፤ በድምፅ የተሸነፈ ሰው በጓሮ በር ተመልሶ መግባቱ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ ከሰሰች፤ በፌብሩዋሪ 1975 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉ ሙሉው ገንዘብ ይከፋፈል የሚል መሆኑን ወሰነ።

የ1974ቱ ሕግ የወጣው ይህ ሙግት ገና በፍርድ ቤት ሳለ ነው። ሴኔቱ 75 ለ0፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ 401 ለ6 አጸደቁት፤ ዋተርጌት በተባለው የፖለቲካ ቅሌት የተዳከመው ኒክሰን ጁላይ 12 ፈረመበት፤ ወር ሳይሞላውም ሥልጣኑን ለቀቀ። ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ፕሬዚዳንቱ አንድን ገንዘብ ፈጽሞ ማስቀረት ከፈለገ ለኮንግረሱ የስረዛ ጥያቄ ያቀርባል፤ ጥያቄው በቀረበ በ45 የጉባኤ ቀናት ውስጥ ሁለቱም ምክር ቤቶች ካልተስማሙለት ገንዘቡ ይለቀቃል። የኮንግረሱ ዝምታ እምቢታ ነው። ለጊዜው ማዘግየት ብቻ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ቁጠባ ወይም ያልታሰበ ሁኔታ መሆን አለበት እንጂ የፖሊሲ ጥላቻ መሆን የለበትም፤ ከበጀት ዓመቱም አያልፍም።

ባለ ደረሰኝ (ከአዲስ አበባ)

እናንተ ከላይ ያለውን ስታዩ እኔ ከታች የደረሰንን ልንገራችሁ። በአሜሪካ ሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ የሒሳብ ኃላፊ ነበርኩ፤ የድርጅቱን ስም ለማንሣት አልፈልግም። የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን ይቁም የሚለው ትእዛዝ የተፈረመው ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ነበር፤ ለእኛ የቃና ዘገሊላ ዕለት መሆኑ ነው። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ሥራ አቁሙ የሚለው ደብዳቤ በኢሜይል መጣ። ሁለት ገጽ ያህል ነበር። ለምን እንደሆነ አልጻፈም፤ ለኮንግረሱ ስለ ቀረበ ጥያቄም አንድ ቃል አልነበረበትም።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ተፈርመው ያለቁ የሦስት ወረዳዎች የሥልጠና ውሎ አበል ሰነዶች፣ ለተከራየናቸው መኪናዎች የተዘጋጀ የክፍያ ማዘዣ፣ ዕቃው ገብቶ ገቢ ደረሰኝ የተቆረጠለት የሪኤጀንት (የላቦራቶሪ ምርመራ ኬሚካል) ግዢ ነበር። ሥራው ተሠርቷል፤ ዕቃውም ገብቷል። ባንክ ስንደውል ገንዘብ የምንጠይቅበት የአሜሪካው የክፍያ ሥርዓት እንደተዘጋ ሰማን። የመኪናዎቹ ባለቤት በረንዳው ላይ ተቀምጦ «እናንተ የአሜሪካ መንግሥት አይደላችሁም እንዴ?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። በሌላ በኩል በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺሕ ያህል የጤና ባለሙያዎች ውላቸው መቋረጡን ጤና ሚኒስቴር እንዳስታወቀ ሁላችሁም ሰምታችኋል።

ስለዚህ ወለተ ሕግ፣ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ሕጉ የስረዛ ጥያቄ ይቅረብ ካለ፣ ለእኛ የተጻፈው ደብዳቤ ምንድን ነበር? ስረዛ ነው፣ ማዘግየት ነው፣ ወይስ ስም የሌለው ሌላ ነገር?

ወለተ ሕግ

ወንድሜ፣ የደረሰባችሁ ያሳዝናል። የመንግሥት ጠበቆች የሰጡት ስም «ግምገማ» ነው፤ ገንዘቡ አልተያዘም፣ ፕሮግራሙ እየተመረመረ ነው ይላሉ። ፍርድ ቤት የሄዱት እርዳታ ተቀባይ ድርጅቶች ደግሞ ስሙ ምንም ቢሆን ገንዘቡ እስካልወጣ ድረስ ተይዟል ይላሉ። ለተሠራው ሥራ የሚገባው ክፍያ ግን ለብቻው ታይቷል። የዋሽንግተኑ ዳኛ አሚር ዓሊ ይከፈል ብለው ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋውን አዘዙ፤ መንግሥት ትእዛዙን እንዲያነሣለት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ቢጠይቅ ማርች 5 ቀን 5 ለ4 በሆነ ድምፅ አልተቀበለውም። የመኪናዎቹ ባለቤት የሚመደበው ከዚህ ወገን ነው። ወደፊት ይሠራ ለነበረው ሥራ የተፈቀደው ገንዘብ ግን ሌላ መንገድ ሄደ።

የሰኔ ሠላሳ

ለብዙ ዓመታት አገር ቤት በበጀት ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አሁን ቨርጂኒያ ነኝ። ስሜን ያያችሁ የሙያ ባልደረቦቼ ገብቷችሁ ትስቃላችሁ። ሰኔ 30 ለበጀት ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ ላልሠራበት ማስረዳት ይከብዳል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ግዢ ክፍል በር ላይ ሰልፍ ነው፤ አንዱ ወንበር ይገዛል፣ አንዱ የማያስፈልገውን ጎማ ይገዛል፤ ሁሉም የሚፈራው «በጀቱ ይቃጠላል» የሚለውን ነው። ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳልና የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ መሆኑ እዚያው ያበቃል። የእኛዎቹ ገንዘቡ እንዳይቃጠል ሲሯሯጡ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ደግሞ ሆን ብሎ ለማቃጠል ዘዴ እንደተገኘ ሳይ ገረመኝ።

ዘዴው «የኪስ ስረዛ» ይባላል። የአሜሪካ የፌደራል በጀት ዓመት የሚዘጋው ሴፕቴምበር 30፣ በእኛ መስከረም 20 ነው። የ1974ቱ ሕግ የስረዛ ጥያቄ ከቀረበ በኋላ ለ45 ቀን ገንዘቡን ይዞ መጠበቅን ይፈቅዳል። አሁን ጣታችሁን አውጥታችሁ ቁጠሩ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ 4.9 ቢሊዮን ዶላር የውጭ እርዳታ እንዲሰረዝ የጠየቁበት ደብዳቤ የተጻፈው ኦገስት 28 ቀን 2025 ነው። ከዚያ እስከ ሴፕቴምበር 30 ያሉት ቀናት 33 ብቻ ናቸው። ኮንግረሱ እሺም አለ እምቢ አለ ዝም አለ፣ 45ኛው ቀን ከመድረሱ በፊት የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፤ ቀነ ገደቡ የደረሰበት ገንዘብም ይቃጠላል። ወለተ ሕግ «የኮንግረሱ ዝምታ እምቢታ ነው» ያለችው ደንብ ተገልብጦ ዝምታው ስምምነት ሆነ ማለት ነው። ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ይህን መንገድ የሞከረ አልነበረም። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ዘዴው ከሕጉ ጋር እንደሚጋጭ በጽሑፍ ያስታወቀ ሲሆን፣ የዋይት ሐውስ የበጀት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ራስል ቮት ግን ሕጋዊ ነው ብለው ቆመዋል። እንዲያውም የ1974ቱን ሕግ ራሱን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ አድርገው ነው የሚያዩት።

ለአባ መዝገብ ጥያቄ የእኔ መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ ሕጉ አለ፤ የተረታው በቀን መቁጠሪያ ነው። ፕሬዚዳንቱ ሕጉ ጠፍንጎ ያሠረውን ገመድ መበጠስ አላስፈለገውም፤ ጫፉ ያላለቀበትን ቦታ ፈልጎ አገኘ።

ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ልጨምር። የጸደቀ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለመሥሪያ ቤቶቹ አይፈስስም፤ የዋይት ሐውሱ የበጀት ጽሕፈት ቤት በሠንጠረዥ እየከፋፈለ ይለቅቀዋል። በ2019 ለዩክሬን ጦር የተፈቀደው 250 ሚሊዮን ዶላር ላይ የሆነውን ያየ ሰው የሥልጣኑ ቁልፍ የት እንዳለ ያውቃል። ትልቅ አዋጅ አልወጣም፤ መግለጫም አልተሰጠም። ጁላይ 25 ቀን በሠንጠረዡ ግርጌ አንዲት የግርጌ ማስታወሻ ተጨመረች፤ ገንዘቡን በደንብ ስለ መጠቀም ምክክር እስኪደረግ ድረስ ለአጭር ጊዜ ይቆይ የምትል ናት። ጊዜዋ ባለቀ ቁጥር ሌላ ማስታወሻ ይተካል። እንዲህ እየተባለ 214 ሚሊዮን ዶላር ያህሉ ለሳምንታት ተያዘ። የኦዲት መሥሪያ ቤቱ ድርጊቱ ሕግ መጣስ ነው ብሎ የወሰነው ጃንዋሪ 16 ቀን 2020 ነው፤ ገንዘቡ ከተለቀቀ ወራት ካለፉ በኋላ ማለት ነው። በዚህ ሥራ ያለፈ ሰው ከፕሬዚዳንት ንግግር ይልቅ የሠንጠረዥ ግርጌ ያነብባል።

ሙግት ወዳድ

የኪስ ስረዛው ነገር እኔንም አይጥመኝም፤ ይህን አምናለሁ። ነገር ግን ሁለት ነገር ተዘለለ። አንደኛ፣ ሕጋዊው መንገድ ሠርቷል። ጁን 2025 ፕሬዚዳንቱ 9.4 ቢሊዮን ዶላር እንዲሰረዝ በደንቡ መሠረት ጠየቁ፤ ሴኔቱ 51 ለ48፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ 216 ለ213 አጽድቀውላቸው ጁላይ 24 ቀን ተፈረመ። ለኤች አይ ቪ መከላከያ ከሚሰጠው ገንዘብ ሊቀነስ የነበረው 400 ሚሊዮን ዶላር ግን በሴኔቱ ተወገደ፤ በመጨረሻ የተሰረዘው ወደ 9 ቢሊዮን ነው። ከዚያ ውስጥ 1.1 ቢሊዮን ያህሉ የሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ገንዘብ ሲሆን የቀረው የውጭ እርዳታ ነው። እንግዲህ ኮንግረሱ ራሱ ሰርዟል፤ ጩኸቱ ለምንድን ነው?

ሁለተኛ፣ ስለ 4.9 ቢሊዮኑ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሴፕቴምበር 26 ቀን የወሰነው ለማን እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። ደመራ በተለኮሰበት ዕለት ለፕሬዚዳንቱ ፈረደ።

ወለተ ሕግ

የጁላይ ስረዛ ሕጋዊ እንደ ነበር እኔም አልክድም። ሆኖም አንድ መዘዝ አለው። የዓመቱ በጀት ሴኔት ውስጥ ለማለፍ በተግባር 60 ድምፅ ስለሚያስፈልገው ሁለቱ ፓርቲዎች ተደራድረው ነው የሚያጸድቁት፤ በዚህ ሕግ የሚቀርብ ስረዛ ግን በተራ አብላጫ ድምፅ ያልፋል። በ60 የተስማማኸውን በ51 የሚያፈርስብህ ሰው ጋር ሁለተኛ ለመስማማት ማን ይቀመጣል? ኦክቶበር 1 ተጀምሮ 43 ቀን የቆየው የመንግሥት ሥራ መዘጋት ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ይህ አለመተማመን ግን ከምክንያቶቹ አንዱ እንደ ነበር አልጠራጠርም።

ስለ ሴፕቴምበር 26ቱ ትእዛዝ ግን «ለፕሬዚዳንቱ ፈረደ» የሚለው ቃል ከልኩ በላይ ነው። ፍርድ ቤቱ የኪስ ስረዛ ሕጋዊ ነው አላለም። ያለው በጊዜያዊነት፣ ያውም ሦስቱ ሊበራል ዳኞች እየተቃወሙት፣ እነዚህ እርዳታ ተቀባይ ድርጅቶች የ1974ቱን ሕግ ይዘው መክሰስ የሚችሉ አይመስሉም፤ በውጭ ግንኙነት ላይ የሚደርሰውም ጉዳት ያመዝናል ነው። የሙግቱ ፍሬ ነገር፣ ማለትም ዘዴው ሕጋዊ ነው አይደለም የሚለው፣ አልተወሰነም። ነገር ግን አራት ቀን ቆይቶ መስከረም 20 ደረሰ፤ ወደ 4 ቢሊዮን የሚጠጋው ገንዘብም የሰኔ ሠላሳ እንዳለው ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ በፍሬው ቢፈረድስ ምን ይመለሳል?

ታዲያ ድርጅቶቹ መክሰስ ካልቻሉ ማን ይከስሳል? ሕጉ በስም የጠራው የኮንግረሱን ዋና ኦዲተር ነው። እሱም ቢሆን ዝም ብሎ አይከስስም፤ በመጀመሪያ ለኮንግረሱ ያስታውቅና 25 የጉባኤ ቀናት ይጠብቃል። ኮንግረሱ ለዕረፍት ከተበተነ ደግሞ የዕረፍቱ ቀናት አይቆጠሩም። በግማሽ ምእተ ዓመት ውስጥ ይህ ሥልጣን ለክስ የተሠራበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1975 ዋና ኦዲተሩ ኤልመር ስታትስ በቤቶች ፕሮግራም ገንዘብ ምክንያት ከሰሱ፤ ገንዘቡ ስለተለቀቀ ፍርድ ሳይሰጥበት ተዘጋ። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ሲደርሰው የሚያፍር ሰው ይሆናል ብለው አስበው ነበር መሰለኝ።

የእናቱ ልጅ (ከዳላስ)

በመሃል ስለገባሁ ይቅርታ፤ ሁሉንም አንብቤ አንድ ነገር አስጨነቀኝ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ሠርታ ያገኘችው የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) ገንዘብ በየወሩ ይገባላታል። በዚሁ መንገድ አንድ ቀን ሊያዝባት ይችላል ማለት ነው? ዜና በሰማች ቁጥር ትጠይቀኛለች።

የሰኔ ሠላሳ

የእናትዎ ገንዘብ ከዚህ ሙግት ውጭ ነው፤ ይንገሯትና ትረፍ። እስካሁን የተከራከርንበት ኮንግረሱ በየዓመቱ ድምፅ እየሰጠ የሚፈቅደው ገንዘብ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚከፈለው በቋሚ ሕግ ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ቀመር ነው፤ የተነፈገ ሰው ደግሞ ራሱ ተከራክሮ ፍርድ ቤት መድረስ ይችላል። ከዓመታዊው በጀት ጋር የተያያዘው የመሥሪያ ቤቱ የሥራ ማስኬጃ ወጪ ነው፤ እሱ ሲጠብብ ስልክ የሚያነሣ ሰው ይጠፋል፣ ወረፋው ይረዝማል። እናትዎ የምታየው ለውጥ ቢኖር ይህንኑ ነው።

አባ መዝገብ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሽማግሌው የምመልሰውን አግኝቻለሁ፤ ዘይት ሊገዛ የተላከውን ልጅ ከሙግት ወዳድ፣ ባዶውን ጠርሙስ ከወለተ ሕግ ተውሼ ነው የምሄደው። አንድ ነገር ብቻ ግር አለኝ። በእኛ አገር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 77 ንኡስ አንቀጽ 3፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በጀቱን ያዘጋጃል፤ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅም ይፈጽማል ይላል። ይህ ሁሉ ሙግት አገር ቤት የማይሰማው አንቀጹ የተሻለ ስለሆነ ነው?

ወለተ ሕግ

በአንቀጹ መሻል አይመስለኝም። በፓርላማ ሥርዓት በጀቱን የሚያቀርበውና የሚፈጽመው አስፈጻሚ የሚወጣው ከዚያው ከሚያጸድቀው አብላጫ ነው፤ የሚጣላው ሌላ ወገን የለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ግን ለብቻው ተመርጦ ስለመጣ ምክር ቤቱን ተቀናቃኝ አድርጎ ማየት ይችላል። ጠቡን የሚያሰማው ይህ ነው።

ባለ ደረሰኝ (ከአዲስ አበባ)

ከመዘጋቱ በፊት የሰኔ ሠላሳን አንድ ነገር ልጠይቅ። የመኪናዎቹን ኪራይ በከፊል ከፍለናል፤ የሪኤጀንቱ ግን እስካሁን አልተከፈለም። ሴፕቴምበር 30 ካለፈ ገንዘቡ ተቃጥሏል ካላችሁ፣ ያ ደረሰኝ ሞቷል ማለት ነው?

የሰኔ ሠላሳ

አልሞተም፤ ይህን ሳልናገር መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነው። የሚቃጠለው አዲስ ውል የመግባት መብቱ ነው። የበጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት መንግሥት ውል የገባበት ገንዘብ ግን፣ ለዚያው ውል ክፍያ ብቻ የሚያገለግል ሆኖ ለአምስት ዓመት ይቆያል፤ ሙሉ በሙሉ የሚሰረዘው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በደረሰኙ ላይ ያለውን ቀን ተወውና የዋናውን ስምምነት ቀን ተመልከት፤ ሥራ አቁሙ ከተባላችሁበት ቀን በፊት ዕቃው መግባቱን የሚያሳየውንም ሰነድ አያይዝ።

ባለ ደረሰኝ (ከአዲስ አበባ)

ስምምነቱ የተፈረመው በ2024 ነው። ዕቃው ገቢ የሆነበት ሰነድ ደግሞ የገና ሰሞን፣ ታኅሣሥ 26 ተብሎ ተቆርጧል። ፋይሉ በካርቶን ታሽጎ የቀድሞው ቢሮአችን መጋዘን ውስጥ ነው፤ ነገ ሄጄ አወጣዋለሁ።